የተስማማ፣ ያልተስማማ

ሰኞ፣ ምርጫው ሊደርስ አርባ አንድ ቀን ሲቀረው

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለራሴ ነው። በቢሮ የምጽፈው ሁሉ በሣጥን ውስጥ የሚደረግ ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ በምልክት የማይገለጸውን ነገር የማኖርበት ቦታ አስፈለገኝ።

ከዛሬ ጀምሮ «መልሶ ጠያቂ» ነኝ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ቢሮአችን ስለ ከንቲባው ምርጫ የሕዝቡን አስተያየት ያጠናል። ጠያቂዎች ቅጽ ይዘው ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ከእያንዳንዱ ጠያቂ ቅጾች ሃያው በዕጣ ይወጡና እኔ ወደ እነዚያው ቤቶች ሄጄ ያንኑ ጥያቄ ደግሜ እጠይቃለሁ። ሁለቱ መልሶች አንድ ከሆኑ «የተስማማ»፣ ከተለያዩ «ያልተስማማ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደርጋለሁ። ከሃያው ከአራት በላይ ካልተስማማ፣ ጠያቂው የሰው ደጅ ሳይረግጥ አንድ ጥግ ተቀምጦ መልሱን ከራሱ አመንጭቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ይሰናበታል፤ ስሙም «በፈጠራ የተሰናበቱ» በሚለው ዝርዝር ገብቶ ለሌሎች የጥናት ቢሮዎች ሁሉ ይላካል። ከዚያ ወዲያ የሚቀጥረው አያገኝም።

አስተባባሪዋ መታወቂያዬን በሰማያዊ ማንጠልጠያ አንገቴ ላይ ስታጠልቅልኝ፣ «አንቺን የመረጥኩሽ ሰው ስለማታስቀይሚ አይደለም፤ ማስቀየም ስለማትፈሪ ነው» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው ዋልኩ። ምስጋና ይመስለኛል።


ማክሰኞ፣ አርባ ቀን

ወንድሜ ማንጠልጠያውን ሲያይ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምነው፣ የኛን መሥሪያ ቤት ተቀላቀልሽ እንዴ?»

የማዘጋጃ ቤቱ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው፤ የእነሱም መታወቂያ የሚንጠለጠለው በሰማያዊ ነው። የአጋጣሚ ጉዳይ ነው አልኩት።

«ዳኛዋ፣ አንቺ ደግሞ በአጋጣሚ ማመን ከመቼ ወዲህ ነው የጀመርሽው?»

ከልጅነቴ ጀምሮ ዳኛዋ ይለኛል። ከቁም ሣጥኑ ስኳር የሰረቀው እሱ መሆኑን ለእናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። ስኳሩን የሰረቀው ለእኔ ነበር።

ሕዝቡ ሁለቱን እጩዎች በስማቸው አይጠራቸውም፤ በምርጫ ምልክታቸው ነው። ጃንጥላ አሁን በወንበሩ ላይ ያለው ከንቲባ ነው። ቁልፍ የቀድሞ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት። ወንድሜ እንዳወራልን ከሆነ የሥራ ክፍሉ አለቃ ሹፌሮቹን አሰልፎ «የእያንዳንዳችሁ ቤት ምን እንደሚያስብ እናውቃለን» ብሏቸዋል። ይህን ሲነግረን አባባ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው።


እሑድ፣ ሠላሳ አምስት ቀን

ዛሬ ያደረግሁትን ሳላለባብስ እጽፋለሁ፤ ካለባበስኩማ ደብተሩ ምን ሊረባኝ ነው።

ከምሳ በኋላ በራችን ተንኳኳ። የመጣው ባለ መነጽሩ ጠያቂ ነበር፤ ቢሮ ውስጥ በሌላ ስም የሚጠራው የለም። ቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ፣ ጥያቄውን ነጠላ ሰረዙን እንኳ ሳይዘል የሚያነብ፣ እንከን የማይወጣለት ሰው ነው። ቤቱ የእኔ መሆኑን አያውቅም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የቢሮው ሠራተኛ የሚኖርበት ቤት ይታለፋል፤ ይህንንም ማስታወቅ ያለበት ሠራተኛው ነው። እኔ በመኝታ ክፍሌና በሳሎኑ መካከል ካለው መጋረጃ ኋላ ቆሜ ነበር። ሁለት እርምጃ ወጥቼ «ይህ ቤት ይታለፍ» ማለት ነበረብኝ። አልወጣሁም።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። አባቴ ድምፁን ለማን እንደሚሰጥ በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ ነግሮኝ አያውቅም። ባለፈው ዓርብ ግን ሬዲዮኑን ስወለውል፣ ከባትሪው መክደኛ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ የቁልፍ በራሪ ወረቀት አገኘሁ። አንብቤ ወደ ቦታው መለስኩት። ስለዚህ መልሱን አውቀው ነበር፤ ከአፉ መስማት ብቻ ነበር ያማረኝ።

ባለ መነጽሩ አሥራ አራተኛውን ጥያቄ አነበበ፦ «ምርጫው ዛሬ ቢካሄድ ድምፅዎን ለማን ይሰጣሉ?»

«ለጃንጥላ» አለ አባቴ። ጎረቤት እንዲሰማው የፈለገ ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ሰውየው እንደወጣ መታገሥ አልቻልኩም።

«አባባ፣ ለምን ዋሸኸው?»

«ማነው የዋሸ?»

«አንተ የቁልፍ ነህ እኮ!»

«ማን ነገረሽ?»

ስለ ወረቀቱ አልተናገርኩም። «አልመልስም ማለት ትችል ነበር፤ መብትህ ነው። ቅጹ ላይ ራሱን የቻለ ሣጥን አለው» አልኩት።

«የኔ ልጅ፣ በዚህ ሠፈር አልመልስም ያለ ሰው ምን እንደመለሰ ሁሉም ያውቀዋል። የጃንጥላ የሆነ ሰው ምን አስፈርቶት ዝም ይላል? አልመልስም ማለትም መልስ ነው።»

የሚገባውን ያህል ረጋ ብዬ አስረዳሁት። ጠያቂው የመንግሥት ሰው አይደለም። የሰበሰበው ቁጥር የሁላችንም ነው፤ ሕዝብ ራሱን የሚያይበት መስተዋት ነው። ለጠያቂ የዋሸ ሰው የሚጎዳው ቢሮውን ሳይሆን ጎረቤቱን ነው፤ እንደ እሱ የሚያስበው ጎረቤቱ ብቻውን የቀረ እንዲመስለው ያደርገዋል። ብዙ ሰው በየቤቱ እንዲህ ከዋሸ፣ ብዙኃኑ ራሳቸውን ጥቂት አድርገው ያያሉ። አባባ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ሠላሳ ዓመት የፖስታ ቤት ሠራተኛ ስለነበረ ማዳመጥ ያውቅበታል።

«የስንቱን ሰው ደብዳቤ ተሸክሜአለሁ» አለ በመጨረሻ። «አንዱንም ከፍቼ አላየሁም። ድምፅ መስጫው ቦታ ላይ መጋረጃ የሚሰቀለው ለምን ይመስልሻል? ያንን ገልጦ ቤቴ ድረስ የሚመጣ ሰው የተሰጠውን ይዞ ይሂዳ! ደግሞስ...» ሬዲዮኑን አነሳ፤ «አንቺስ ከመጋረጃው ኋላ ምን ስትሠሪ ነበር?»


ረቡዕ፣ ሠላሳ ሁለት ቀን

ከባለ መነጽሩ ሃያ ቤቶች አንዱ ሆኖ የራሴ ቤት ቁጥር በዕጣ ወጣ።

ለአስተባባሪዋ ልነግራት ሄድኩ። ስልክ ላይ ነበረች። ጥቂት ቆሜ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ለመንገር አስቤ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን መስክ ወጣሁ።

ስለዚህ ማታ መታወቂያዬን አጥልቄ፣ ቅጹን ይዤ፣ ከአባባ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። መመሪያው በሚያዘው መሠረት ዓይን ለዓይን እያየሁ አነበብኩለት። ወንድሜ ሳቁን በትራስ አፈነ።

«ለማን ይሰጣሉ?» አልኩ።

«አንቱ አለችኝ እኮ!» አለ አባባ ወደ ወንድሜ ዞሮ። ከዚያ ወደ እኔ፦ «ለጃንጥላ። ጻፊ።»

ጻፍኩ። የተስማማ። ሃያው ሁሉ የተስማማ ሆነ፤ ባለ መነጽሩ በቢሮው ታሪክ ያለ አንድ ጉድለት ያለፈ የመጀመሪያው ጠያቂ ነው ተባለ።

ሐሰት የሆነ መልስ ሁለት ጊዜ ቢሰጥ «የተስማማ» ነው። ይህ አልተዋጠልኝም። ነገ አስብበታለሁ።


ሰኞ፣ ሃያ ሰባት ቀን

ቸኩያለሁ። የእቴቴ ሃያ ቅጾች ደረሱኝ። ሁሉም እቴቴ ይሏቸዋል፤ ከጠያቂዎቹ በዕድሜ ትልቋ፣ ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ እርሳስ ጆሮአቸው ላይ የሚሰኩ ሴት ናቸው። መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ አያጠልቁም፤ ቦርሳቸው ውስጥ ነው የሚይዙት። ደንብ መጣስ ነው። ማስታወሻ ይዣለሁ።


ሐሙስ፣ ሃያ አራት ቀን

አሥር ቤት። ስድስቱ ያልተስማማ። ስድስቱም በእቴቴ ቅጽ ላይ ቁልፍ፣ ለእኔ ሲመልሱ ጃንጥላ።

ከየበሩ የሰማሁት፦

«ማነው የላከሽ?»

«ከማዘጋጃ ቤት ነሽ?» (አይደለሁም አልኩ። «እሺ» አሉ፤ አላመኑም።)

«ጃንጥላ ነው እንጂ፣ ሌላ ማን አለን!»

ከወንድሜ ዕድሜ የማያልፍ ግንበኛ መልሱን ከሰጠ በኋላ «ስሜን ትጽፊዋለሽ?» አለኝ። አልጽፍም አልኩት። እጁን በሱሪው ጠራረገና በሩን ቀስ ብሎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ ዘጋው።


ቅዳሜ፣ ሃያ ሁለት ቀን

ጨረስኩ። ከሃያው አሥራ አንዱ ያልተስማማ። ለእቴቴ ቁልፍ ካሏቸው አሥራ ሁለት ሰዎች መልሱን ያልለወጠው አንድ ብቻ ነው፤ በመጨረሻው መንገድ ጥግ የሚኖር፣ ዓይነ ስውር የሆነ የፒያኖ መምህር። «ቁልፍ፤ ለዚያችኛዋም ብያት ነበር» አለኝ እየሳቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ግን አንድ ነገር ተናግሯል፤ ጥያቄውን ስጠይቀው ደነገጠና፣ «ያችኛዋ ሴትዮ ሊወጡ ሲሉ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን እያሰሩ ነው የጠየቁኝ፤ አንቺ ደግሞ እንደ መርማሪ...» ብሎ አቋረጠ። እንግዲያው እቴቴ በእርግጥ ቤቱ ሄደዋል ማለት ነው። ይህን የማሰፍርበት ሣጥን ፈለግሁ። ቅጹ ላይ የለም። በኅዳጉ ልጽፍ አሰብኩ፤ በኅዳግ መጻፍ የተከለከለ ነው።

ፈጠራ የሚሠራ ጠያቂ ወደ አንድ ወገን እንደሚያዘነብል መመሪያው ይናገራል። የእቴቴም ያዘነበለው ወደ አንድ ወገን ነው። ቁጥሩ የሚለው ይህን ነው። እኔ የምለው አይደለም።


ሰኞ፣ ሃያ ቀን

ፈረምኩ።


ሐሙስ፣ አሥራ ሰባት ቀን

እቴቴ ዛሬ ቦርሳቸውን አስረከቡ። አስተባባሪዋ ዕቃውን ከዝርዝሩ ጋር ስታመሳክር ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ሃያውንም ቤት ረገጥሻቸው?»

«አዎ፣ እቴቴ። ሃያውንም።»

«ደክሞሻል። ያ የፒያኖው ሰውዬ ዘንድ ያለው ደረጃ ለኔም አስቸግሮኛል።» እርሳሳቸውን ከጆሮአቸው አውርደው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ይሄም የቢሮው ነው።»

ከሄዱ በኋላ ባለ መነጽሩ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «አሥራ አንድ ያልተስማማ እያለ ምን ማድረግ ይቻላል?» አለ። እሱ የሚያጽናናኝ መስሎት ነው።

ዝርዝሩ ለሌሎቹ ቢሮዎች የሚላከው ምርጫው ካለፈ በኋላ፣ በአራተኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ አቤቱታ ይቻላል። እቴቴ አቤቱታ አላስገቡም።


እሑድ፣ አሥራ አራት ቀን

የጥናቱ ውጤት በሬዲዮ ተነገረ። ጃንጥላ ከመቶ ስልሳ አራት። የእቴቴ ቅጾች አልተቆጠሩም።

ጠዋት ከታችኛው ወለል የምትኖረው ነርስ በደረጃው ላይ ለእህቷ በስልክ ስትናገር ሰማኋት፦ «ለካ ብቻዬን ነኝ።» ቀትር ላይ ከፊት ለፊታችን ያለው ዳቦ ጋጋሪ ከሚስቱ ጋር ሲነጋገር፦ «እኛ ብቻ ነን ማለት ነው። ባንወጣስ?» በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አሥራ አምስት እርምጃ አይሞላም።

ለአባባ ያልኩት ይህን አልነበረም? ልክ ነበርኩ። ልክ በመሆኔ ግን ምንም ደስታ አላገኘሁም።


ረቡዕ፣ አሥራ አንድ ቀን

እንቅልፍ የለም። ሁለት ቤት ጠይቄ ተመለስኩ። አሥራ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የተለያየ ነገር ተናግሯል። ወይ ለእሳቸው ዋሽተዋል፣ ወይ ለእኔ። ሦስተኛ መንገድ ቢኖር ፈጠራው ነው፤ ፀጉር አስተካካዩ ግን ጫማ ሲታሰር አይቷል።

ለእኔ ለምን ይዋሻል? እኔ ምን አደረግሁ?


ዓርብ፣ ዘጠኝ ቀን

ከሥራ በኋላ ወደ እቴቴ ቤት ሄድኩ። አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪና። የሰው ካፖርት ገበር እየፈቱ ነበር። ወንበር ላይ ያለውን ጨርቅ አንስተው አስቀመጡኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣሁም» አልኩ፤ እውነቱ ይህ ስለነበረ። «ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ነው።»

ሳቁ። «እሱም ቢሆን ጥሩ ነው።»

አሥራ አራተኛውን ጥያቄ በተራው እንደማይጠይቁ ነገሩኝ። ሌላውን ሁሉ ጨርሰው፣ ቅጹን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከከተቱ በኋላ፣ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያስራሉ። «ለመሆኑ ለማን ልትሰጪ ነው?» የሚሉት ያን ጊዜ ነው፤ የሰውየውን ፊት ሳያዩ፣ እሱም የእሳቸውን ሳያይ። መልሱን መንገዱ ጥግ ሲደርሱ ይጽፉታል።

«ይህ ከደንቡ ጋር ፈጽሞ አይሄድም» አልኩ።

«አይሄድም። ሰው ግን ዓይን ዓይኑን እያየሽ ስትጠይቂው ጥያቄውን ይረሳና አንቺን ነው የሚመልስልሽ። ልብስ ስሰፋም እንዲሁ ነበር። የወገቡን ልክ እያፈጠጥኩበት ስለካው ሆዱን ይስባል፤ ልብሱ ሲያልቅ ይጠበዋል።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ሆዳቸውን ሳቡ?»

«አንቺማ፣ የኔ እመቤት...» መቀሳቸውን ወደ ደረቴ አመለከቱ። «አንቺ ከመግባትሽ በፊት ያ ሰማያዊው ይገባል።»

ወደ ታች አየሁ። ከቢሮ ወጥቼ፣ በሦስት መንገድ አልፌ፣ ቤታቸው ገብቼ ተቀምጫለሁ፤ አንገቴ ላይ ነበር። ዓይነ ስውሩ የፒያኖ መምህር ትዝ አለኝ።

አቤቱታ ለምን እንደማያስገቡ ጠየቅኋቸው። «ምን ብዬ? ደንብ ጥሻለሁ። አልፈጠርኩም ብል፣ ያልፈጠርኩትን ሰው ደግመው ሄደው ይጠይቁታል፤ እሱም ጃንጥላ ይላቸዋል።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ከሥራው መባረሩስ ይቅር። ፈጥራለች መባሉ ነው የከነከነኝ። ስንት ደረጃ ወጥቼ!»


ቅዳሜ፣ ስምንት ቀን

ሙከራ አደረግሁ። መታወቂያዬን ኪሴ ከትቼ ወደ አንዷ «ያልተስማማች» ሴት ቤት ሄድኩ፤ የምትተኛበት ሰዓት ስለነበር ጋቢ ተከናንባ የወጣች የሌሊት ዘበኛ ናት። ስለ ውሃ መቆራረጥ ጠየቅኋት፤ አመሰገንኩ፤ በሩ ላይ ጎንበስ አልኩ። ያን ጊዜ ነው ጫማዬ ማሰሪያ የሌለው መሆኑን ያስተዋልኩት። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ።

«ምን ጠፋሽ?»

«ለመሆኑ ለማን...»

«ጃንጥላ አልኩሽ እኮ! ስንቴ ልበልሽ!»

ይህን ለማንም አልነግርም።


እሑድ፣ የምርጫው ቀን

ሰልፉ ረጅም። ማንም ከማንም ጋር አያወራም። ዳቦ ጋጋሪው ወጥቷል። ነርሷም። አባባ አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ ወደ መጋረጃው ሲገባ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። የት እንደቆምኩ ሊያረጋግጥ ይመስለኛል።


ሰኞ፣ ከምርጫው በኋላ አንደኛ ቀን

ቁልፍ አሸነፈች። ከመቶ ሃምሳ ዘጠኝ። እቴቴ በጠየቁባቸው መንገዶች የሚገኘው ጣቢያ ውጤቱን በሩ ላይ ለጥፏል፤ ቁልፍ ከመቶ ስልሳ ሁለት። የእቴቴን የተጣሉ ቅጾች ከመጋዘን አውጥቼ ደመርኳቸው፤ ከመቶ ስልሳ። የባለ መነጽሩ፣ ያለ አንድ ጉድለት ያለፉት፣ ከመቶ ሃያ ስምንት።

በሠፈሩ ጃንጥላን የመረጠ አንድ ሰው እንኳ ጠፋ። ግንበኛው እንኳ ከመንገድ ማዶ በአውራ ጣቱ የቁልፍ ምልክት እያሳየ ሰላም አለኝ። ወንድሜ የሥራ ክፍሉ አለቃ ዛሬ ጠዋት ቁልፍ የተሳለበት ኮፍያ አድርጎ እንደመጣ በሳቅ እየፈረሰ ነገረን።

«አባባ» አልኩ፣ «አሁን መናገር ትችላለህ። ማንም አይነካህም።»

«ምኑን?»

«ቁልፍን መምረጥህን።»

«እኔ ጃንጥላን ነው የመረጥኩት» አለ። «ለዚያ ባለ መነጽር ነግሬዋለሁ። ለአንቺም ነግሬሻለሁ። ጽፈሽው የለም እንዴ?»

«ከሬዲዮኑ መክደኛ ሥር ያለው ወረቀትስ?»

ቅንድቡን አነሳ። «እሱን ደግሞ ከየት አገኘሽው? መክደኛው እየተንገጫገጨ ቢያስቸግረኝ ከመንገድ አንስቼ ወሸቅኩበት። ጃንጥላዎቹ ያደሉት ወረቀት ስስ ነው።»

ወንድሜ ሆዱን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። እኔ የአባቴን ፊት አጠናሁት። ሃያ አምስት ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ። ምንም አላነበብኩበትም።


ማክሰኞ፣ ሁለተኛ ቀን

አቤቱታውን በእቴቴ ስም ራሴ ጽፌ አስገባሁ። አስተባባሪዋ የጣቢያውን ውጤት አይታ ራሷን ነቀነቀች። «መልስ ከራሱ ፈጥሮ የሚጽፍም ሰው አንዳንዴ ይገጥምለታል» አለች። «ሰዎች ለመልሶ ጠያቂ እንደሚዋሹ በእርግጠኝነት የምታውቂው አንድ ቤት አለ? አንድ። በግምት ሳይሆን በእርግጠኝነት። ካለ ነገ ለኃላፊው አቅርቢ። ከሌለ ዝርዝሩ ሐሙስ ይሄዳል።»

አንድ ቤት። ነበረኝ፤ ትናንት አጣሁት።


ረቡዕ፣ ሦስተኛ ቀን

የሆነውን በተራ እጽፋለሁ።

ጠዋት፣ አባባ ፊቱን ሲታጠብ፣ የሬዲዮኑን መክደኛ ከፍቼ ወረቀቱን ወሰድኩ።

ኃላፊው አስተባባሪዋን ከጎኑ አስቀምጦ ነበር። በመጀመሪያ የራሴን ቤት ሳላስታውቅ ማስጠየቄንና ራሴ መልሼ መጠየቄን ተናገርኩ። አስተባባሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ኃላፊው፣ «ይሄ ብቻውን ያሰናብትሻል» አለ። አውቃለሁ አልኩ።

«እና ይህ ያንቺ ቤት ዋሽቷል ነው የምትዪው?»

«አባቴ ለጠያቂውም ለእኔም ጃንጥላ ብሏል። ድምፁን የሰጠው ለቁልፍ ነው። ቅጹ የተስማማ ይላል፤ እውነቱ ግን አልተስማማም። የእቴቴ ቅጾች ደግሞ በተቃራኒው ናቸው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

አራት ቦታ የታጠፈውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ከሬዲዮኑ ውስጥ ደብቆት ነበር።»

«ይሄ ወረቀት ነው። እሱ ነግሮሻል? በአፉ?»

አባቴ በአፉ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ሦስት ጊዜ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ኃላፊው ዓይን ለዓይን እያየኝ ነበር፤ ልክ እንደ መመሪያው።

«አዎ» አልኩ። «ነግሮኛል።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ይንቀጠቀጣል ብዬ ነበር።

«ደውለን ብንጠይቀውስ?»

«ጃንጥላ ይላችኋል።»

«ታዲያ!»

«እናንተም መልሶ ጠያቂ ትሆናላችኋ።»

በቢሮው ውስጥ አስተባባሪዋ ስትስቅ የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ኃላፊው አልሳቀም፤ ግን ወረቀቱን ገልብጦ አየው፣ መልሶ አጠፈው፣ በእቴቴ ማኅደር ውስጥ አስቀመጠው። ማስረጃ ሆኗል፤ አይመለስም። የእቴቴ ስም ከዝርዝሩ እንዲወጣና በምትኩ «ደንብ በመጣስ ተገሥጸዋል» እንዲባል ወሰነ። ለሚቀጥለው ጥናት ይጠራሉ። እኔ አልጠራም። መታወቂያዬን ከነማንጠልጠያው አስረከብኩ።

በመንገዴ ለእቴቴ ነገርኳቸው። መቀሳቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ጫማዬን አዩ። «ማሰሪያ ያለው ግዢ» አሉኝ።

ማታ ወደ ቤት ስገባ አዲሷ ከንቲባ በሬዲዮ ትናገር ነበር። አባባ ድምፁን ከፍ ሲያደርገው መክደኛው መንገጫገጭ ጀመረ። ከፍ ባለ ቁጥር ይብስበታል፤ ከንቲባዋ የምትለው ሁሉ በጥርስ መካከል እንደሚወጣ ነገር ሆነ። አባባ በመዳፉ ደገፍ አደረገው። መክደኛው ጸጥ አለ። እጁን ሲያነሳ ደግሞ ተንገጫገጨ።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ወረቀቴን ወሰድሽው» አለ፤ ጥያቄ አልነበረም።

«ወሰድኩት።»

«ለቢሮው?»

«ለቢሮው።»

«እና ስለ እኔ ምን አልሻቸው?»

«አልመልስም» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ሊስቅ የነበረ ይመስለኛል፤ በእርግጠኝነት አላውቅም። በእርግጠኝነት የማውቀው መክደኛው መንገጫገጩን ብቻ ነው።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። አንድ ያልተሞላ የመልሶ መጠየቂያ ቅጽ ተርፎኛል። ወፍራም ወረቀት ነው። ሣጥኖቹን ወደ ውስጥ አድርጌ አራት ቦታ አጠፍኩትና ከሬዲዮኑ መክደኛ ሥር ወሸቅኩት።